ተልኳል፣ አልደረሰንም

ሐዋሳ ገና አዋሳ ተብላ በምትጻፍበት በደርግ ዘመን፣ ከመንግሥት ቢሮ ወረቀት የፈለገ ሰው ቢሮው ከመሄዱ በፊት ሸዋዬ ቤት ጎራ ይል ነበር። ሸዋዬ ሹም አልነበረችም፤ ሹም የመሆን አሳብም አልነበራት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ ስታመላልስ ኖራ በ1974 ጡረታ የወጣች ተላላኪ ናት። ይሁን እንጂ የትኛው ማኅተም በማን መሳቢያ እንደሚያድር፣ የትኛው ኃላፊ ጠዋት እንደሚፈርምና የትኛው ከምሳ በኋላ ብቻ ሰው እንደሚመስል እሷን ያህል የሚያውቅ በከተማው አልነበረም።

ምክሯም አንድ ነው። ወደ ሹሙ አትሩጡ ትላለች፤ ሹሙ የሚያውቀው መፈረም ነው፣ ወረቀቱ የት እንዳለ የሚያውቀው የጻፈው፣ የመዘገበውና ያደረሰው ሰው ነው። እነዚያ ሰዎች ደግሞ ቢዛወሩም፣ ጡረታ ቢወጡም፣ ከተማ ቢለውጡም፣ ሸዋዬ የት እንዳሉ ታውቃለች። አንዱ ይርጋለም ገብቷል፣ ሌላዋ አግብታ ሻሸመኔ ናት፣ ያኛው ዘወትር ዓርብ ፀጉሩን የሚቆረጠው እዚያ ማዶ ነው እያለች ባለጉዳዩን ትሸኛለች። ትንሽ ጉራም ነበረባት፤ አንደብቅላትም። በእጄ የገባ ደብዳቤ መንገድ ቀርቶ አያውቅም የሚለውን ንግግሯን ከጎረቤት ልጆች ጀምሮ ያልሰማ የለም።

ታቢታ የመጣችው በ1976 ሰኔ ውስጥ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። ታቢታ ልብስ ሰፊ ናት፤ ባህል አዳራሽ አካባቢ፣ መንገድ ዳር ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ሁለት ልጆቿን ታሳድጋለች። ቤቷን የሠራው ባሏ ኩማ ነው፤ አናጢ ነበር፣ ከሦስት ዓመት በፊት ሞቷል። አሁን የቀበሌው ሰዎች ቤቱ ትርፍ ቤት ስለሆነ እስከ ሰኔ ሠላሳ ልቀቂ ብለዋታል። መንገድ ዳር በመሆኑ ለሕብረት ሱቅ መጋዘን ይሆናል ተብሎ ታስቧል። የቀበሌውን ቁጥር አልናገርም፤ ዛሬም እዚያ የሚኖሩ ዘመዶች አሉኝ።

ሸዋዬ ወንበር ሰጥታት ከመጀመሪያው ጀምራ እንድትነግራት ጠየቀቻት። ታቢታም ነገረቻት፤ እኔም እንደነገረቻት ላስቀምጠው።

ነገሩ የተበላሸው በ1967 ነው። ያን ዓመት ሐምሌ ላይ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ይሁን ተብሎ ሲታወጅ፣ ቤት ያለው ሁሉ ቅጽ ሞልቶ እንዲያስመዘግብ ታዘዘ። የኩማ ታላቅ ወንድም ደበሌ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ያን ሰሞን መኪናው ተበላሽቶበት ሞያሌ መንገድ ላይ ቀርቷል። ቀነ ገደቡ ሊያልፍ ሁለት ቀን ሲቀረው ኩማ የወንድሙ ቤት እንዳይወረስ ሰጋና ከራሱ ቤት ጋር በአንድ ቅጽ፣ በራሱ ስም አስመዘገበው። ይህ አንድ ስሕተት ነው። ሁለተኛው ይብሳል። ቅጹ ላይ ሁለት መስመር ነበር፤ ኩማ የታላቁን ቤት በመጀመሪያው መስመር፣ የራሱን ከሥር ጻፈ። አስተዳደጉ ነው። ማዕድ ላይ እጁን ከደበሌ በፊት ሰዶ የማያውቅ ሰው ወረቀት ላይ እንዴት ብሎ ይቅደመው? የቅጹ ራስጌ ግን በደቃቅ ፊደል፣ በመጀመሪያው መስመር የሚሰፍረው ባለቤቱ ሊኖርበት የመረጠው ቤት ነው፣ ከዚያ በታች ያለው ትርፍ ነው ይላል። ኩማ አላነበበውም። እንዲህ አድርጎ ሰውየው ወንድሙን አከብራለሁ ሲል የገዛ ቤቱን ትርፍ አደረገው።

ነገሩ የገባው ዓመት ቆይቶ ነው። አመለከተ። ለእንደዚህ ያለ ጉዳይ የተቋቋመ አንድ አጣሪ ኮሚቴ ምስክር ሰማና በ1969 ወሰነለት፤ ውሳኔው ለቀበሌህ በደብዳቤ ይላካል ተባለ። ከዚያ ወዲህ ነው መከራው። ኮሚቴው ዘንድ ሲሄድ «ተልኳል» ይሉታል፤ ቀበሌው ዘንድ ሲሄድ «አልደረሰንም» ይሉታል። በሁለት ቃል መካከል ደጅ ሲጠና ጫማ ጨረሰ። ኮሚቴው ፈረሰ፣ ኩማም ሞተ። ቀበሌው ዘንድ የቀረው ያ የ1967 ቅጽ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የታቢታን ቤት ትርፍ ይላል። ደበሌ ሄዶ የመጀመሪያው ቤት የእኔ ነው ብሎ ቢምልም፣ ወንድም ለወንድም ምስክር አይሆንም ብለው መለሱት።

ሸዋዬ ሰምታ ስትጨርስ ፈገግ አለች። የምታውቀው ዓይነት ጉዳይ ነበርና ልቧ ሞልቷል።

«ስሚኝ ታቢታ» አለቻት። «የተላከ ደብዳቤ የሚቀበለው ሰው ይፈርምበታል። ሳይፈረም የሚቀር የለም። ይህን ደብዳቤ ቀበሌው ውስጥ አንዱ ውጦታል፤ ማን እንደዋጠው እኔ አወጣዋለሁ።»

ታቢታ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብላ ሄደች። ሸዋዬም ነጠላዋን ደረበችና በዚያው ሥራ ጀመረች።

መጀመሪያ ያገኘቻት ጽጌሬዳን ነው። ጽጌሬዳ የኮሚቴው ታይፒስት ነበረች፤ አሁን መሃል ከተማ አንድ ቢሮ ተዛውራ የጸሐፊዎች አለቃ ሆናለች። ጸሐፊ ደግሞ የጻፈችውን ሁሉ አታስታውስም፤ የምታስታውሰው ካርቦኑን ነው። ጽጌሬዳ እያንዳንዱን ውሳኔ በሦስት ቅጂ ትጽፍ እንደነበር፣ አንዱ ለቀበሌ፣ አንዱ ለበላይ፣ አንዱ ለዶሴ እንደሚቀር ነገረቻት። የዶሴው ግልባጭ ካልተቃጠለ አለ ማለት ነው። ኮሚቴው ሲፈርስ ዶሴዎቹን ተረክቦ የሄደው የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ግዛቸው ነበር።

ግዛቸውን ቢሮው ሄዶ መያዝ ከባድ ነው፤ ስብሰባ ይበዛበታል። ሸዋዬ ግን ቅዳሜ ጠዋት የት እንደሚገኝ ስለምታውቅ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረደች። እንዳሰበችውም ከጀልባ የወረደ ዓሣ እያገላበጠ ሲከራከር አገኘችው። የሰኔ ጾም ገብቶ ነበርና መጀመሪያ ስለ ነፍሱ ጠየቀችው፤ እሱም ዓሣ ሥጋ አይደለም ብሎ ረጅም ማስረጃ አቀረበላት። ይህን ካበቁ በኋላ ነው ጉዳዩን ያነሳችለት።

ግዛቸው ራሱን ወዘወዘ። ዶሴዎቹ አሁን በሚሠራበት ቢሮ መጋዘን ውስጥ አሉ፣ አንድም አልጠፋም። ነገር ግን በሲባጎ ታስረው የተደረደሩት በወጪ ቁጥር እንጂ በሰው ስም አይደለም፣ የስሙ ማውጫ ደግሞ ውሃ ገብቶበታል።

«በስም ከፈለግሽ እስከ ዕለተ ምጽአት አታገኚውም» አላት። «ቁጥሩንና ቀኑን አምጪልኝ፣ በግማሽ ቀን አወጣልሻለሁ።»

ሸዋዬ ይህን ስትሰማ ጭራሽ ደስ አላት። የኮሚቴውን ደብዳቤዎች ታደርስ የነበረችው ራሷ ናትና ቁጥሩና ቀኑ ያለው እሷው ቤት ነው። ተላላኪ ደብዳቤ ይዞ ሲወጣ የማስረከቢያ ደብተር ይይዛል፤ በእያንዳንዱ መስመር የደብዳቤው ቁጥር፣ ቀኑ፣ የሚሄድበት ቢሮ ይሰፍራል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ተቀባዩ የሚፈርምባት ባዶ ቦታ አለች። ሸዋዬ የሞሉ ደብተሮቿን ለማገዶ ሊጥሏቸው ሲሉ ለምና ወደ ቤቷ አምጥታቸው ነበር። አሥራ አንድ ናቸው፤ ከአልጋዋ ሥር በሣጥን ተቀምጠዋል። ለምን እንደምታስቀምጣቸው ሲጠይቋት፣ ሰው የሠራውን ሥራ ማየት አይወድም ወይ ትል ነበር።

ምሳ እንኳ ሳትበላ ሣጥኑን ጎትታ አወጣችና የ1969ኙን ደብተር ይዛ በር ላይ ተቀመጠች። ጣቷን በመስመሮቹ ላይ እያስኬደች መስከረምን፣ ጥቅምትን አለፈች። በየመስመሩ ፊርማ አለ፤ አንዳንዱ ቆንጆ፣ አንዳንዱ ጫጭሮ የተወው፣ አንዳንዱ አውራ ጣት። መጋቢት ስትደርስ አገኘችው። መጋቢት 8፣ ቁጥር 312፣ ለቀበሌው፣ ስለ አቶ ኩማ ቤት። የፊርማው ቦታ ባዶ ነበር።

መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጠርጋ እንደገና አየች። ከላዩ ያለው መስመር ተፈርሞበታል። ከሥሩ ያለውም ተፈርሞበታል። መሃል ላይ ያለው ብቻ ባዶ ነው።

ከዚያ ትዝ አላት፤ እንዲያውም ቀኑን መቼም ረስታው አታውቅም፣ የረሳችው ደብዳቤውን ነው። መጋቢት 8 አስተማሪው ወንድሟ አሰፋ ከክፍል የተወሰደበት ቀን ነበር። ደብዳቤውን ይዛ ወደ ቀበሌው ስትሄድ አንዲት ጎረቤቷ መንገድ ላይ አስቁማ ነገረቻት። ቀበሌው በር ላይ ስትደርስ ሁሉም ስብሰባ ተቀምጠዋል፣ በሩ ዝግ ነው። ለዘበኛው ወረወረችለትና ነገ መጥቼ አስፈርማለሁ ብላ ሮጠች። ነገ የሚባለው ቀን አልመጣም። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት የምግብ ሣህን ይዛ እስር ቤት ደጃፍ ስትሰለፍ፣ ቀን ቀን ደግሞ ሥራዋን ስትሠራ ኖረች። አሰፋ ተርፎ ወጣ፤ አሁን ወንዶ ገነት ያስተምራል። ደብዳቤው ግን ዘበኛው እጅ ቀረ፤ ዘበኛው ለሰው ይስጠው ይጣለው ማን ጠየቀው?

ሸዋዬ አፈረች። ያፈረችው በስሕተቱ ብቻ አይደለም። ከትናንት ወዲያ ያቺን ሴት ፊት ለፊቷ አስቀምጣ፣ አፏን ሞልታ፣ ቀበሌው ውስጥ አንዱ ውጦታል ያለችው ነው ይበልጥ ያሳፈራት። የዋጠው ማን እንደሆነ አወጣለሁ ብላ ነበር፤ ይኸው አወጣች።

ቆየት ብላ ቁጥሩንና ቀኑን በቁራጭ ወረቀት ገለበጠች። ደብተሩን ዘግታ ሣጥኑ ውስጥ መለሰችው፣ ሣጥኑንም ወደ ቦታው ገፋችው። ቁጥሩ ይበቃል አለች ለራሷ። ግልባጩ ከተገኘ ቤቱ ይድናል፣ ሌላውን ማወቅ ለማንም አይጠቅምም። እውነቱን ለመናገር እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እንደዚያው ነበር የማስበው።

ሰኞ ታቢታን አስጠርታ ማመልከቻ አስጻፈቻት። ታቢታ የኩማን ድካም፣ የልጆቹን ነገር፣ ያለባትን ችግር ሁሉ ልትዘረዝር ጀምራ ነበር፤ ሸዋዬ አስቆመቻት። ለመዝገብ ቤት እንባ አይጻፍም፣ መዝገብ ቤት የሚያነበው ቁጥር ነው አለቻት። በሦስት መስመር ጨረሱት፤ መጋቢት 8 ቀን 1969 በቁጥር 312 የተጻፈው ደብዳቤ ትክክለኛ ግልባጭ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ፣ ስም፣ ፊርማ። ማመልከቻውን በኃላፊው አስመራችና ለግዛቸው አደረሰችው። ግዛቸው ቃሉን አክብሮ በማግስቱ ቢጫ የሆነ ስስ ወረቀት አውጥቶ፣ በእጅ አስገልብጦ፣ አስፈርሞና ማኅተም አስመትቶ ሰጣቸው። ወረቀቱ በመጀመሪያው መስመር የተመዘገበው ቤት የአቶ ደበሌ መሆኑ በምስክር ስለተረጋገጠ፣ አቶ ኩማ ያላቸው አንዱ የሚኖሩበት ቤት ብቻ ነው ይላል። ታቢታ እዚያው ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። የባሏን ስም በጣቷ ዳበሰችው፣ አለቀሰችም።

ሐሙስ ወደ ቀበሌው ሄዱ። ሸዋዬ ከቤት ስትወጣ የ1969ኙን ደብተር ከሣጥኑ አውጥታ ዘንቢሏ ሥር ከተተችው። ሥራውን ታውቀዋለችና ምን ሊጠየቅ እንደሚችል ታውቃለች፤ እንዳይጠየቅ ግን መንገዱን ሁሉ ስትጸልይ ሄደች።

የቤቶች ጉዳይ ተጠሪው ጓድ ፍቅሬ ክፉ ሰው አልነበረም። ጥንቁቅ ነው፤ ጥንቁቅ ሰው ደግሞ ለባለጉዳይ ከክፉ ሰው ይብስበታል። ወረቀቱን አነበበ፣ ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ ከዚያ ተነስቶ የ1969ን የገቢ ደብዳቤ መዝገብ ከመደርደሪያ አወረደ። ከየካቲት እስከ ግንቦት መስመር በመስመር ተመለከተ። ቁጥር 312 የሚባል ደብዳቤ አልገባም። እሱ ወደ ቀበሌው የመጣው ከሁለት ዓመት ወዲህ ነውና ስለዚያ ዘመን የሚያውቀው መዝገቡ የሚለውን ብቻ ነበር።

የማኅተሙ ቀለም የትናንትና ነው አላቸው፣ ቤት ለማዳን በድሮ ቀን ወረቀት ሲያስጽፉ የተገኙ ሰዎች ስላሉ እሱ ብቻውን አምኖ ሊፈርም አይችልም። ደብዳቤው በእርግጥ በዚያ ቀን ከቢሮው መውጣቱን የሚያሳይ ነገር ያስፈልገዋል። ያለበለዚያ ለከፍተኛ ቀበሌ ይጻፋል፣ መልሱ እስኪመጣ ደግሞ ሰኔ ሠላሳ ያልፋል፣ መጋዘኑም ሥራ ይጀምራል።

ታቢታ ወደ ሸዋዬ ዞረች። ሌላ የምትዞርበት አልነበራትም። ሸዋዬ ግልባጩን አየች፣ መዝገቡን አየች፤ ከዚያ ዘንቢሉን ወደ ጉልበቷ ሳብ አድርጋ ደብተሩን አወጣችና በተጠሪው ፊት ዘረጋችው።

«ይኸው፣ ልጄ» አለችው። «በዚያ ቀን ወጥቷል። ተሸክሜው የመጣሁት እኔ ነኝ። እዚህ በር ድረስ አምጥቼ፣ ሳላስፈርም ለዘበኛ ሰጥቼ ሄድኩ። ለማስፈረምም አልተመለስኩም። ኮሚቴው ተልኳል ማለቱ እውነት ነው፤ እናንተም አልደረሰንም ማለታችሁ እውነት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ፍቅሬ ደብተሩን ወደ መስኮቱ አቅርቦ አየው። ከላይ የተፈረመበትን መስመር፣ ከሥር የተፈረመበትን መስመር፣ በመሃል ያለውን ባዶ ቦታ ተመለከተ። ቀለሙ አንድ ነው፣ የእጅ ጽሕፈቱ አንድ ነው፣ በሁለት የተፈረሙ መስመሮች መካከል ሌላ መስመር ማስገባት ደግሞ ማንም አይችልም። ከሥር የፈረመውን ሰው ፊርማ እንዲያውም ያውቀው ነበር፤ አጎቱ ናቸው። አመነ። ነገር ግን ለቃለ ጉባኤው ምክንያት መጻፍ ነበረበት፤ ሴትዮዋን እያየ አዘነላትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እናቴ፣ ለዘበኛ ተሰጥቶ ጠፋ ብለን ብንጽፈውስ፣ የእርስዎ ስም ባይነሳ ምን አለበት አላት።

«ዘበኛው ምን አጠፋ?» አለች ሸዋዬ። «ማስፈረም የእሱ ሥራ አልነበረም። ስሜን ጻፍ፣ ሙሉ ስሜን።»

ጻፈ። ከሥሩ በራሷ እጅ አስፈረማት። ደብዳቤውን በዕለቱ ቀን በገቢ መዝገብ አስገባና የታቢታን ቤት ከትርፍ ቤቶች ዝርዝር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው፤ ከጎኑም ቁጥር 312ን ጠቅሶ ፈረመ። ሱቁ ሌላ መጋዘን እንዲፈልግ ማስታወሻ ጻፈ። ሁሉም አንድ ሰዓት አልፈጀም።

ከቀበሌው እስከ ቤቷ ታቢታ ፈጠን ፈጠን ብላ ሄደች። ሸዋዬም ከጎኗ አልራቀችም። የአሰፋ ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ይህን ብነግራት ትረዳኛለች ብላ አሰበች፣ ደግሞ ይህን ብነግራት ልታዝንልኝ ትገደዳለች ብላ ዋጠችው። በር ላይ ሲደርሱ ታቢታ ቁልፉን ከቀሚሷ ኪስ አወጣችና ሳትከፍት ቆመች።

«ኩማ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ በሄድኩ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ከቀበሌ ሰው መጣ ወይ ብሎ ነው» አለች። «አራት ዓመት ሙሉ ያን ደብዳቤ ሲጠብቅ ነው የሞተው፣ እትዬ። ስሙ ጠፍቶ የቀረ መስሎት ነው የሄደው። ሰው ሁሉ የወንድሙን ቤት ሊሰርቅ በስሙ አስመዘገበ ይለው ነበር።»

ሸዋዬ ዘንቢሏን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«በድዬዋለሁ» አለች። «አንቺንም በድዬሻለሁ። ይቅር በዪኝ።»

ታቢታ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችምም። ቁልፉን በመዳፏ አገላበጠች።

«ደብተሩን ባያወጡት ማንም አያውቅም ነበር» አለች በመጨረሻ። «እሱን አይቻለሁ። ግን ዛሬ ይግቡ ልልዎት አልችልም። ነገ ይምጡ።»

ሸዋዬ እሺ ብላ ባዶ ዘንቢሏን ይዛ ተመለሰች። ለካ ደብተሩን ፍቅሬ ጠረጴዛ ላይ ትታው ወጥታለች፤ መንገድ ላይ ትዝ አላትና ተወችው። በማግስቱ ጠዋት ተነስታ ፊቷን ታጥባ በቀጥታ ወደ ታቢታ ቤት ሄደች። የስፌት መኪናው ድምፅ ከመንገድ ይሰማል። አንኳኳች፤ የስፌቱ ድምፅ ቆመ፣ በሩም ተከፈተላት።